ከጓዝ ጋር የሚጫን ዩኒቨርሲቲ፦ የሥነ ልቡና ዲግሪን ከርቀት መማር በናይሮቢ

የወታደር ቤተሰብ ኑሮ የጓዝ ኑሮ ነው። ዛሬ በሰሜን የተፈታው ጓዝ ነገ ለምሥራቅ ይታሰራል፤ ልጆች በዓመቱ አጋማሽ ትምህርት ቤት ይለውጣሉ፤ ጉርብትናው ሥር ሳይሰድ ሌላ የዝውውር ትእዛዝ ይደርሳል። ባል ግዳጅ ላይ ሳለ ቤቱንና ልጆቹን ይዛ የምትቀር ሚስት በማታ ትምህርት ተመዝግባ ሁለተኛውን መንፈቅ ሳታጋምስ ጓዟን ስትሸክፍ ማየት በሠራዊቱ ሰፈር እንግዳ ነገር አይደለም። ወታደሩም ቢሆን ያው ነው። ዩኒቨርሲቲ የመግባት ምኞቱን እንደ ቤተሰቡ ፎቶግራፍ በደረት ኪሱ ይዞ ከምሽግ ወደ ምሽግ የሚዘዋወር ስንት አለ!

በዚህ ሳምንት የቤተሰብ ዓምዳችን የሚያወሳው ከዚህ ጓዝ ጋር አብሮ ሊጫን ስለሚችል ትምህርት ነው፤ ይኸውም በኢንተርኔት አማካይነት ከቤት ሆነው ስለሚከታተሉት ዲግሪ፣ በተለይም ስለ ሥነ ልቡና ዲግሪ። ነገሩን የምንመለከተው ከሞያሌ ማዶ፣ በጎረቤታችን በኬንያ ርእሰ ከተማ በናይሮቢ ነው። ናይሮቢን የመረጥንበት ምክንያት አለን። የርቀት ትምህርት በዚያች ከተማ አካባቢ ከተደራጀ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚህም ሌላ ሥነ ልቡና የተባለው ሙያ ለሕዝብ ምን እንደሚጠቅም ያች ከተማ በመከራ ተምራዋለች። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከኪኩዩ እስከ ኮንዛ

ከርቀት መማር የትናንት ፈጠራ አይደለም። አዛውንት አንባብያን «የተልእኮ ትምህርት» በሚለው ስሙ ያውቁታል። የለንደን ዩኒቨርሲቲ በ1858 ባገኘው ቻርተር መሠረት በኮሌጅ ወንበር ያልተቀመጠ ሰው ለዲግሪ ፈተና እንዲቀርብ ፈቀደ፤ ከዚያ ወዲህ በየቅኝ ግዛቱ፣ በየመርከቡና በየእስር ቤቱ ሳይቀር መጻሕፍት በፖስታ እየደረሳቸው የተማሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ኔልሰን ማንዴላ በሮበን ደሴት ታስረው ሳለ ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሕግ ይማሩ እንደነበር ይታወቃል፤ በመጨረሻም የሕግ ዲግሪያቸውን በ1989 ገና ከእስር ሳይፈቱ ያገኙት ከደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በተልእኮ ተምረው ነው።

ለእኛ አንባብያን ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሌላ ታሪክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ወታደሮቹ በያሉበት ግንባር ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ በ1942 በዊስኮንሲን ግዛት በማዲሰን ከተማ የተልእኮ ትምህርት ተቋም አቋቋመ። በዚህ ሥራ ልምድ የነበረው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ በአሜሪካ መንግሥት የልማት ዕርዳታ ወደ ኬንያ ተሻገረ። ከናይሮቢ በስተምዕራብ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በኪኩዩ ከተማ በ1967 የተልእኮ ትምህርት ክፍል ተከፈተ። መጀመሪያ የተማሩት በብዛት በየገጠሩ የሚያስተምሩ፣ ደረጃቸው ዝቅተኛ የነበረ መምህራን ነበሩ። የትምህርቱ ጽሑፍ በፖስታ ይደርሳቸዋል፤ ማብራሪያውን በራዲዮ ያዳምጣሉ፤ የቤት ሥራቸውን ሠርተው ይልካሉ፤ እርማቱም በፖስታ ይመለስላቸዋል። እንግዲህ ለወታደር የተበጀው ዘዴ መልኩን ለውጦ ለኬንያ የገጠር መምህር ደረሰ ማለት ነው።

የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ በ1986 ይህንኑ መንገድ ወደ ዲግሪ አሳደገው። የመጀመሪያው በርቀት የተሰጠ ዲግሪ የመምህርነት ዲግሪ ነበር። ተማሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በያሉበት ቢያጠኑም ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ተሰብስበው ከመምህራን ጋር ፊት ለፊት ይገናኙ ነበር። አንባቢ ይህችን «ፊት ለፊት» የምትል ቃል በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ፈጣን ነው። የዓለም ባንክ በ1997 የጀመረው የአፍሪካ ቨርችዋል ዩኒቨርሲቲ ዋና ጽሕፈት ቤቱን በ2002 ወደ ናይሮቢ አዛወረ። በዚያን ጊዜ ግን ኢንተርኔት የሚመጣው በሳተላይት ስለነበር ውድም ዘገምተኛም ነበር። በ2009 በባሕር ሥር የተዘረጉ ገመዶች ሞምባሳ ደረሱና ነገሩ ተለወጠ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2007፣ ገንዘብን በስልክ የመላክ አገልግሎት የሆነው ኤምፔሳ ተጀምሮ ስለነበር፣ የባንክ ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ክፍያ ከእጅ ስልኩ መፈጸም ቻለ። በማርች 2020 የኮሮና ወረርሽኝ ኬንያ ሲገባ ዩኒቨርሲቲዎች ደጃቸውን ዘጉ፤ የርቀትን ትምህርት ንቀው የኖሩ መምህራን እንኳ በአንድ ጊዜ በስክሪን ፊት ተቀመጡ። በኦገስት 2023 ደግሞ ከናይሮቢ በሞምባሳ መንገድ ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በኮንዛ የኬንያ ክፍት ዩኒቨርሲቲ ቻርተሩን ተቀበለ፤ ዋና ሥራው ከመነሻው ትምህርትን በኢንተርኔት መስጠት ነው።

በኬንያ ለሚኖሩ ወገኖቻችንም ይህ ባዶ ወሬ አይደለም። በ1991 ድንበር ተሻግረው ከገቡት ኢትዮጵያውያን መካከል የቀድሞው ሠራዊት አባላትና ቤተሰቦቻቸው ይገኙ ነበር፤ ከእነዚያ ስደተኞች ብዙዎቹ ኋላ ወደ ካኩማ መጠለያ ተዛውረዋል። በዚያው በካኩማ ከ2010 ጀምሮ የኢየሱሳውያን ማኅበር ባደራጀው ዝግጅት ስደተኞች ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ጋር በኢንተርኔት ተገናኝተው ለዲፕሎማ ተምረዋል። በአሸዋ መሐል፣ በድንኳን ከተማ የተቻለ ነገር፣ በሠራዊት ሰፈር የማይቻልበት ምክንያት አይታየንም።

ሥነ ልቡና ለምን?

ዓርብ ኦገስት 7 ቀን 1998 ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ በናይሮቢ እምብርት በአሜሪካ ኤምባሲ ላይ ቦምብ ፈነዳ። በናይሮቢ ብቻ 213 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ኬንያውያን ነበሩ። በሺህ የሚቆጠሩ ቆሰሉ። ከዋናው ፍንዳታ በፊት የተሰማውን አነስተኛ ድምፅ ለማየት ወደ መስኮት የሮጡ ሰዎች የመስታወት ስብርባሪ ዓይናቸውን አጠፋው። ሐኪሞች ቁስል ሰፉ፤ አጥንት ጠገኑ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን የበር መዘጋት ድምፅ ሲሰሙ የሚርዱ፣ እንቅልፍ ያጡ፣ ወደ መሐል ከተማ መሄድ ያቃታቸው ሰዎች ብዛት ሌላ ሐኪም እንደሚያስፈልግ ገለጠ።

ኬንያዊው የአእምሮ ሐኪም ዶክተር ፍራንክ ንጄንጋና የሥራ ጓደኞቻቸው ከፍንዳታው በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ 2,883 ሰዎችን በመጠይቅ መርምረው ውጤቱን በ2004 አሳተሙ። ከተጠየቁት 35 ከመቶ የሚሆኑት ከድንጋጤ በኋላ የሚመጣውን የመንፈስ ጭንቀት ምልክቶች ያሳዩ ነበር። ጭንቀቱ ከበረታባቸው ሰዎች ጋር ተያይዘው የተገኙት ነገሮች ፍንዳታውን በዓይን ማየት፣ መቁሰል፣ ዘመድ መሞት፣ ገንዘብ ማጣት ናቸው፤ እነዚህን ማንም ይገምታቸዋል። ከእነርሱ ጋር አብሮ የተገኘው ሌላው ነገር ግን ለወዳጅ አለማዋየት ነበር። የሆዱን ለጓደኛው ያልተነፈሰ ሰው ጭንቀቱ በርትቶበት ተገኘ። ይህን ጥናት ለሠራዊቱ አንባብያን ስናቀርብ ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገን አይመስለንም። ከግዳጅ ተመልሶ ለሚስቱ «ደኅና ነኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የማይወጣውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን።

በናይሮቢ የምክር አገልግሎት የተጀመረው በዚያ ቀን አልነበረም። የአማኒ የምክር ማእከል ከ1979 ጀምሮ ሲሠራ ነበር፤ «አማኒ» በስዋሂሊ ሰላም ማለት ነው። ይሁን እንጂ ለብዙ ሰው የሙያው አስፈላጊነት የተገለጠው ከፍንዳታው ወዲህ ነው። በ2013 በዌስትጌት የገበያ ማእከል፣ በ2015 በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ አደጋ ሲደርስ ከአምቡላንሱ ጋር አማካሪም አብሮ መጠራቱ የዚህ ውጤት ነው። ዛሬ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ፣ ከ1969 ጀምሮ በከተማዋ የሚገኘው ዩናይትድ ስቴትስ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲና ዴይስታር ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቡና ያስተምራሉ።

ይህ ሙያ ከጦር ሰፈርም ጋር የቆየ ዝምድና አለው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመድፍ ድብደባ ሥር የነበሩ፣ ሰውነታቸው ሳይቆስል ማስታወስና ማየት ያቃታቸው ወታደሮችን ሁኔታ እንግሊዛዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ቻርልስ ማየርስ በ1915 በሕክምና መጽሔት ገለጸ። አሜሪካውያን በ1917 ወደ ጦርነቱ ሲገቡ በሮበርት የርክስ የተመሩ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ምልምሎችን የሚፈትኑበት ሁለት ዓይነት መመዘኛ አዘጋጁ፤ አንዱ ማንበብ ለሚችሉ፣ ሌላው በሥዕል የተሠራው ለማይችሉ ነበር። ወደ 1.7 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች ተፈተኑበት። ስለ ፈተናው ትክክለኛነት ብዙ ነቀፌታ ኋላ ተነሥቷል፤ ነቀፌታውም ተገቢ ነበር እንላለን፣ የአገሩን ልማድ አለማወቅ እንደ አእምሮ ድክመት ተቆጥሮ ነበርና።

በትምህርቱ ውስጥ ምን አለ?

የሥነ ልቡና ትምህርት የሰውን ሐሳብ በዓይኑ አይቶ ማወቅ የሚመስላቸው አሉ። ተማሪው የሚጠብቀው ሌላ ነው። መጀመሪያ ጠቅላላ ሥነ ልቡና ይመጣል፤ ከዚያ የሕፃን ልጅ አእምሮ እንዴት እንደሚያድግ፣ ሰው በሕዝብ መካከል ጠባዩ እንዴት እንደሚለወጥ፣ አንጎልና ነርቭ እንዴት እንደሚሠሩ፣ ትዝታ፣ ስሜት፣ የአእምሮ ሕመም፣ የመለኪያ ፈተናዎች አሠራር፣ የምክር አገልግሎት እያለ ይቀጥላል። በመካከሉ ብዙዎችን የሚያሰናክለው ስታትስቲክስ ተቀምጧል። የንጄንጋን 35 ከመቶ ሲያነብ «ይህ ቁጥር እንዴት ተገኘ? ከማን ተጠየቀ? ከስንት አንድ ያስታል?» ብሎ መጠየቅ የማይችል ሰው ሥነ ልቡናን ተማረ አይባልም። ስለዚህ ሒሳብን ሸሽቶ ወደዚህ ትምህርት የሚመጣ ሰው መንገድ ተሳስቷል።

እዚህ ላይ ለቤተሰብ የሚሆን አንድ ማስጠንቀቂያ ጣል እናድርግ። የአእምሮ ሕመምን ምዕራፍ የጀመረ ተማሪ ሕመሙን ሁሉ መጀመሪያ በራሱ፣ ቀጥሎ በቤተሰቡ ላይ ያየዋል። ይህ በሕክምና ተማሪዎች ዘንድም የታወቀ ነገር ነው። ወጡ ጨው አንሶት ዝም ያለ ባል «የመንፈስ ጭንቀት» ይባላል፤ መኝታዋን ሁለት ጊዜ ያነጠፈች ሚስት ሌላ ስም ይወጣላታል። ተማሪው ወይም ተማሪዋ ቢያንስ ሦስተኛውን ዓመት እስኪጨርሱ ድረስ በቤት ውስጥ ምርመራ እንዳያካሂዱ ብናሳስብ የሚቃወመን ያለ አይመስለንም።

ከርቀት ለሚማር ሰው ግን ይህ ትምህርት አንድ ልዩ ስጦታ አለው፤ አጠናኑን ራሱ ያስተምረዋል። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ጥናት ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች በቃሉ እየያዘ ምን ያህል እንደሚረሳ ለካ። እንደገና ለማጥናት በሚተርፈው ድካም ሲመዘን፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከግማሽ በላዩ ጠፍቶ ነበር፤ ከአንድ ቀን በኋላ የቀረው ሲሶ ያህል ነው፤ ከአንድ ወር በኋላ ግን አንድ አምስተኛ ያህሉ አሁንም ነበር። ሰው የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ያነበበውን በማግሥቱ መልሶ የሚያይ ሰው ትርፉ ትልቅ ነው። በ2006 ደግሞ ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ባደረጉት ሙከራ አንድን ጽሑፍ አራት ጊዜ ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 40 ከመቶውን አስታወሱ፤ አንድ ጊዜ ብቻ አንብበው ሦስት ጊዜ መጽሐፉን ዘግተው ራሳቸውን የፈተኑት ግን 61 ከመቶውን። ለወታደር ሚስት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ልጅ በጀርባዋ አዝላ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ስልኩም ባትሪ ጨርሶ ሳለ ትናንት ያነበበችውን ለራሷ በቃሏ ልትወጣው ትችላለች። ለዚህ ሙከራ ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

ስለ ሰዓት ካነሣን፣ ኬንያውያን በስዋሂሊ ሲናገሩ ሰዓትን የሚቆጥሩት እንደ እኛው ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓትን «ሳ ሞጃ» ማለትም አንድ ሰዓት ይሉታል። የኢንተርኔት ክፍለ ጊዜ ማስታወቂያ ግን የሚወጣው በአውሮፓውያን ሰዓት ነው። ዐሥራ አራት ሰዓት የተባለው የእኛ ከቀኑ ስምንት መሆኑን ዘንግቶ ፈተና ማሳለፍ የሚቻል ነውና በግድግዳው ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ መለጠፍ ይበጃል።

በቤት ውስጥ ደግሞ ስምምነት ይቅደም። ሚስት የምትማር ከሆነ ባል ከሰፈር ሲመለስ ሁለት ሰዓት ልጆቹን ይዞ ጸጥታ ሊሰጣት ይገባል፤ ባል የሚማር ከሆነ እርሷ ያንኑ ታደርጋለች። ይህን ጸጥታ ማንም ዩኒቨርሲቲ ከክፍያው ጋር አብሮ አይልከውም። ሌሊት ዐሥር ሰዓት ተነሥቶ ማጥናት ለብዙ እናቶች የተሻለ ሆኖ ይታያል፤ ኢንተርኔቱም በዚያ ሰዓት አይጨናነቅም።

የጥላ ሊቃውንት

አሁን ደስ ወደማይለው ክፍል እንገባለን። መምህሩ ተማሪውን በዓይኑ በማያይበት ትምህርት የቤት ሥራውን የሠራው ማን ነው? ናይሮቢ ለዚህ ጥያቄም ዋና መድረክ ሆናለች፤ ያሳዝናል እንጂ የሚያኮራ አይደለም።

ሥራ ያጡ የኬንያ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን በሺህ እየተቆጠሩ በአሜሪካና በእንግሊዝ ለሚገኙ ተማሪዎች የቤት ሥራና የመመረቂያ ጽሑፍ በክፍያ ሲጽፉ ኖረዋል። ጸሐፊው በናይሮቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብና ሲጽፍ ያድራል፤ ዲግሪውን ግን የሚቀበለው ባሕር ማዶ ያለው፣ ገጽ ያልገለጠው ሰው ነው። በኬንያ የተወለዱት የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ፓትሪሺያ ኪንጎሪ ይህን ጉዳይ መርምረዋል፤ በ2024 የወጣው «ዘ ሻዶው ስኮላርስ» የተባለ ዘጋቢ ፊልምም የእነዚህን የጥላ ሊቃውንት ኑሮ ያሳያል። እንግሊዝ በ2022 ባወጣችው ሕግ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ለተማሪ መሸጥ ወንጀል አድርጋለች። ከኖቬምበር 2022 ወዲህ ደግሞ ቻትጂፒቲ የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ብቅ ብሎ የጸሐፊዎቹን እንጀራ ይሻማ ጀመር፤ ያው ፈተና ግን አሁን ወደ እያንዳንዱ ተማሪ ስልክ ገብቷል።

ለጸሐፊዎቹ እናዝናለን፤ የአእምሮ ጥሪታቸውን በርካሽ የሸጡት ሌላ በር ስለተዘጋባቸው ነው። ለገዢው ግን ማዘን አንችልም። ነገሩን በሠራዊት ቋንቋ እናስቀምጠው። በተኩስ ልምምድ ዒላማውን ጓደኛው መትቶለት የአልሞ ተኳሽነት ምልክት የተቀበለ ወታደር አለ እንበል። በሰላም ቀን ማንም አያውቅበትም። ግዳጅ በሚመጣበት ቀን ግን ከጎኑ የተሰለፈው ጓዱ በዚያ ምልክት ተማምኖ ነው የሚንቀሳቀሰው። የሥነ ልቡና ባለሙያ ፊት የሚቀመጠው ሰው ራሱን ለማጥፋት ያሰበ ወጣት፣ ልጇ የሞተባት እናት፣ ከጦር ሜዳ ሕልም ጋር የሚታገል ወታደር ሊሆን ይችላል። በገዙት ጽሑፍ የተመረቁ ሰው በዚያች ሰዓት የሚሉት አይኖራቸውም። ከዚህ ትምህርት በቀር በሌላው ማታለል ይፈቀዳል ማለታችን አይደለም፤ ጉዳቱ ግን እዚህ ፈጥኖ ሰው ላይ ያርፋል።

ማሽኑን ተጠቅሞ ያልገባን ነገር ማስረዳት፣ ወይም ራስን የሚፈትኑበት ጥያቄ ማስወጣት ሌላ ነገር ነው፤ ተቋሙ እስከ ፈቀደ ድረስ ነውር አናይበትም። መልሱን እርሱ ጽፎ ስሙን ተማሪው ሲፈርምበት ግን የናይሮቢው ጥላ ጸሐፊ በሌላ ልብስ መጣ ማለት ነው።

ፊት ለፊት

ቀደም ሲል ልብ በሉልን ወዳልነው ቃል እንመለስ። መጽሐፉ፣ ንግግሩ፣ ስታትስቲክሱ፣ ብዙ ጊዜም ፈተናው በስክሪን ይመጣል። ሰውን ማዳመጥ ግን የሚለመደው ሰው ፊት ተቀምጦ፣ ልምድ ባለው ባለሙያ እየተመሩ ነው። ዝም ያለን ሰው ዝምታ ለመታገሥ፣ ሲያለቅስ ላለመደንገጥ፣ ምክር ለመስጠት አለመቸኮል የተግባር ልምምድ ይጠይቃል። የኪኩዩ መምህራን ለትምህርት ቤት ዕረፍት የሚሰበሰቡት በከንቱ እንዳልነበረ ከዚህ ይታያል።

ኬንያ ይህን በሕግ ደንግጋለች። በ2014 የወጣው የአማካሪዎችና የሥነ ልቡና ባለሙያዎች ሕግ ማንም ሰው ሳይመዘገብ በዚህ ሙያ እንዳይሠራ ይከለክላል። ስለዚህ የመጀመሪያ ዲግሪ በራሱ የሕክምና ፈቃድ አይደለም። በብዙ አገር ሕመምተኛ ለመርዳት የሚፈልግ ሰው ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ ሁለተኛ ዲግሪና በባለሙያ ቁጥጥር ሥር የተፈጸመ የተግባር ሥራ ይጠየቃል። የመጀመሪያው ዲግሪ የሚከፍታቸው ሌሎች በሮች ግን ጥቂት አይደሉም፤ በትምህርት ቤት፣ በሠራተኛ አስተዳደር፣ በዕርዳታ ድርጅቶችና በማኅበራዊ አገልግሎት መሥራት ይቻላል። በሠራዊት ሰፈርም ቢሆን የሟች ቤተሰብን የምታጽናና፣ ከግዳጅ የተመለሰ ባሏን ጠባይ የማትረዳ ወጣት ሙሽራን የምታዳምጥ የተማረች ሴት ምን ያህል እንደምታስፈልግ አንባብያን ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ በርቀት መማር ለእኛም አዲስ አይደለም፤ የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ከ2007 ጀምሮ በአዲስ አበባ በአቃቂ የተማሪዎች ማእከል አለው። ነገር ግን ገንዘብ ከመክፈል በፊት መጠየቅ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። ተቋሙ በራሱ አገር መንግሥት የታወቀ ነውን? በኬንያ ይህን የሚከታተለው በ2012 ሕግ የተቋቋመው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ኮሚሽን ነው። ዲግሪው በኢትዮጵያ ተቀባይነት ይኖረዋልን? የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃን አቻነት የሚመረምረው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነውና መልሱ ከዚያ ይገኛል፤ ከተመረቁ በኋላ ሳይሆን ከመመዝገብ በፊት፣ በጽሑፍ። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ከሆነ በአራት ዓመት ውስጥ በብር ስንት ሊደርስ እንደሚችል ባልና ሚስት ወረቀትና እርሳስ ይዘው ያስሉ። «በስድስት ወር ዲግሪ»፣ «ያለ ፈተና»፣ «ለሥራ ልምድዎ ብቻ» የሚል ማስታወቂያ ያወጣ ተቋም የሚሸጠው ወረቀት ነው፤ ከዚያ መራቅ ነው።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። የተግባር ልምምዱ የት ይደረጋል? ናይሮቢ የሚማር ሰው በከተማው ሆስፒታልና የምክር ማእከል ያገኛል። በሩቅ ምድብ የሚገኝ የሠራዊት ቤተሰብ ግን ተቋሙ በአካባቢው ሆስፒታል፣ ክሊኒክ ወይም ትምህርት ቤት የሚደረግ ልምምድ ይቀበል እንደሆነ፣ የሚቆጣጠረውም ባለሙያ ምን ማስረጃ ሊኖረው እንደሚገባ አስቀድሞ ይጠይቅ። ዝውውር በመካከል ቢመጣ ትምህርቱን ለአንድ መንፈቅ ማቋረጥና መልሶ መቀጠል ይፈቀድ እንደሆነም እንዲሁ። ጥሩ ተቋም ለእነዚህ ሁሉ የተጻፈ መልስ አለው፤ በማግሥቱም ባይሆን በሳምንቱ ይልካል።